«ዋና አይደለም» ብላ ሐይቅ የገባችው ሩሀማ

«ሩሀማ! አንቺ ዛሬ አትጠመቂም። ውጪ ከውሃው!»

ፓስተር በርናባስ ይህን ሲሉ የሀዋሳ ሐይቅ ወገቧ ድረስ ደርሷል...

ነጭ ጋውን ለብሰው ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አፈጠጡባት።

መግቢያ ጠፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው... የተቀደደው የጆሮዋ ታምቡር በቀዶ ጥገና ከተጠገነ ገና ወር አልሞላውም። ሐኪሙ «ድነሻል እስክልሽ ድረስ ዋና የለም» ብሏታል።

እሷ ግን «ጥምቀት መቼ ዋና ሆነ? አንዴ ጥልቅ፣ ብቅ... አለቀ!» ብላ ራሷን አሳምና መጣች።

እልህም ነበረባት... እናቷ ወይዘሮ ተዋበች ኦርቶዶክስ ናት። «በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና አስነስቼሻለሁ፤ ደግሞ የምን ሌላ ጥምቀት ነው?» ካለቻት ወዲህ ተኳርፈዋል።

ሩሀማ እያለቀሰች በባጃጅ ቤት ደረሰች።

«ደስ ይበልሽ እማ! አባረሩኝ!»

እናቷ ግን ደስ ያላት አትመስልም። ጆሮዋን ትኩር ብላ አየችና...

«ረጠበ እንዴ?»

«ምን አገባሽ!»

ስልኳ ጠራ። ፓስተሩ ናቸው። በደህናው ጆሮዋ አነሳችው።

«ልጄ፣ በሰው ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅርታ። ጠዋት ብደውል ብደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ውሃ ውስጥ ሳይሽ ደንግጬ ነው የጮህኩት...»

«ስለ ጆሮዬ ማን ነገረዎት?»



«እንዳልነግርሽ ለምነውኝ ነበር... አላስቻለኝም። እናትሽ ማልደው ቸርች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ጥምቀቱን ሊያስቀሩ መስሎኝ ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ‹የጥምቀቱን ነገር እናንተው ታውቃላችሁ። ጆሮዋ እስኪድን ብቻ ይታገሱልኝ። ሐኪሙ ይፍቀድ እንጂ፣ ያን ቀን ሐይቁ ዳር ፎጣዋን ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ› አሉኝ።»

ሩሀማ ስልኩን ዘግታ እናቷን አየቻት።

«እማ... አንቺ? ቸርች?»

«በር ላይ ነው!» አለች ተዋበች ኮስተር ብላ። «አልገባሁም!»

ሩሀማ እየሳቀች አለቀሰች...

ወገን... ጆሮው በቀዶ ጥገና የተጠገነ ሰው «ዋና የለም» ሲባል ነገሩ መዋኘቱ ላይ አይደለም፣ ውሃው ላይ ነው። ሐይቅም ሆነ ገንዳ፣ ሻወርም ቢሆን... ውሃ ገብቶ ቢያመረቅዝ የተጠገነው ሊበላሽ ይችላል። ጆሮህ ስለተሻለህ ብቻ አትግባ፣ ሐኪምህን ጠይቅ።

ደግሞም በሐሳብ የተቃወመህ ሁሉ ጠላትህ አይደለም።

እናንተ በእናቷ ቦታ ብትሆኑ ያቺ በር ድረስ ትሄዱ ነበር? እስቲ ኮሜንት ላይ በሐቅ ንገሩን... በሃይማኖት መጨቃጨቅ ያማረው ግን ሌላ ሰፈር ይሞክር 🙏