ቀይ እስክሪብቶ እና ያልቀረቡት ሰዎች

«አባቴ... የባለቤትዎ የነገው ቀዶ ሕክምና የሚደረገው የመድን ደብዳቤው ከመጣ ነው። ካልሆነ ቦታው ለቀጣዩ በሽተኛ ይሰጣል።»

ነርሷ ይህን ብላ ወደ ሌላው አልጋ አለፈች።

ሽማግሌው ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ተተክሎ ቀረ።

አሥራ ዘጠኝ...

የመጨረሻው ቀን አሥር ነበር!

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አሏቸው ሚስታቸው ከአልጋው ላይ።

«ምንም... ደብዳቤውን ላመጣ ነው።»

የደረጃውን ድጋፍ ይዘው እየተጣደፉ ወረዱ።

ለምን እንዲህ ፈሩ መሰላችሁ?

እኚህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት ሠራተኞችና ጡረተኞች መድን ቢሮ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ!

እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ። ጡረተኛ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእሱ የተመደበው ወር በገባ እስከ አሥረኛው ቀን በሕይወት መኖሩን በፊርማው ያረጋግጣል። ካልፈረመ ፋይሉ ይዘጋል። እሱንና ቤተሰቡን የሚያሳክመው የጤና መድኑም፣ ለቤተሰቡ የሚተርፈው የሕይወት መድኑም አብሮ ይቆማል። የተዘጋ ፋይል እስኪከፈት ደግሞ ሦስት ወር ይፈጃል።

መቼ ይዘጋ? መመሪያው «እንደ ኃላፊው ውሳኔ» ነው የሚለው።

የእሳቸው ውሳኔ በማግስቱ ጠዋት ነበር... ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ።

«አልቀረበም። ተዘግቷል።» በቀይ እስክሪብቶ!

ሠራተኛው ሁሉ ከጀርባቸው «ቀይ እስክሪብቶ» ነበር የሚላቸው። «ሰውየው ታሞ ቢሆንስ?» ያላቸው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው።

«ያልቀረበ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል!»

አንዲት ጸሐፊ ብቻ አልሰማቻቸውም። ያልቀረቡትን ፋይሎች መሳቢያዋ ውስጥ ትደብቅና በምሳ ሰዓቷ ቤት ለቤት እየዞረች ታስፈርም ነበር።

ያዟት።

«መሥሪያ ቤቱን የጎረቤት ጥየቃ አደረግሽው!» ብለው ከነማስጠንቀቂያ ደብዳቤዋ ምድር ቤት፣ የአሮጌ ወረቀት መጋዘን ውስጥ ወረወሯት።

ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባል የለ?

ይኸው ዛሬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚስታቸውን ሲያስታምሙ ቀኑ አለፋቸው። ስለዚህ ፋይላቸው ላይ ምን እንደተጻፈ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ያንን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጽፈውታል!

ቢሮው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ በዚህኛው በኩል ተሰለፉ።

«መታወቂያ፣ አባቴ» አላቸው መነጽራሙ ሠራተኛ።

ወስዶ የተዘጉት ፋይሎች ያሉበትን ቁም ሣጥን ከፈተ... አንድ በአንድ አገላበጠ...

እሳቸው አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው ያያሉ።

«ከተዘጉት ውስጥ የሉም።»

እፎይ ሊሉ ሲሉ...

«ከክፍቶቹም ውስጥ የሉም። ፋይልዎ የለም፣ አባቴ።»

«እንዴት የለም ይባላል? ኧረ ደግመህ እይልኝ! ሚስቴ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ...»

«ይቆዩ፣ ኃላፊዋን ልጥራ።»

የውስጠኛው በር ተከፈተ።

ኃላፊዋን ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

እሷ ናት። ምድር ቤት ያወረዷት ጸሐፊ... እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ተሹማ!

ፋይላቸው እጇ ላይ ነው።

አለቀልኝ፣ አሉ በልባቸው። ሚስቴን በገዛ እጄ ገደልኳት።

«ጋሼ... ይቀመጡ እንጂ» አለቻቸው። ፋይሉን ገልጣ ፊታቸው አስቀመጠችው።

ቀይ ቀለም የለበትም። የገዛ ፊርማቸው ነው ያለበት!

«ይሄን... ይሄን መቼ ፈረምኩ?»

«ባለፈው ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት። ቤትዎ ብሄድ ዝግ ነው። ጎረቤትዎ 'ሆስፒታል ናቸው' አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ አገኘሁዎትና 'ከመድን ቢሮ ነው የመጣሁት፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ' አልኩዎት። ፈረሙልኝ። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።»

ትዝ አላቸው። ማስክ ያደረገች ሴት... የዚያን ቀን ስንት ወረቀት ሲያስፈርሟቸው ነበር!

«ያልቀረበ ሰው ፋይል አሁን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቆየው» አለች። «ሳልጠይቀው አልዘጋም።»

አንገታቸውን ደፉ።

«ያን ሁሉ አድርጌሽ... እኔን ብለሽ መጣሽ?»

«እርስዎን ብዬ እንኳ አይደለም፣ ጋሼ። በፊደል ተራ ነው የምሄደው። ተራዎ ደረሰ።»

ደብዳቤው ላይ ማኅተም መታችላቸው።

እሳቸው ግን አልተነሡም። የተዘጉት ፋይሎች ያሉበትን ቁም ሣጥን ያያሉ።

«እኔ የዘጋኋቸውስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ስንቶቹ ይሆኑ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የነበሩት?»

«አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ሄዶ ያየ የለም።»

ሚስትየው በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸው ድነዋል። ተመስገን!

ሰውየው ግን ዛሬም ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም። በየሐሙሱ በምሳ ሰዓት ከኃላፊዋ ስም ዝርዝር ይቀበሉና ያልቀረቡ ሰዎችን በር ያንኳኳሉ።

አንኳኩተው በሩ እስኪከፈት ያለችው ጊዜ ናት የምታስጨንቃቸው። በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ካልተገኘስ?

ወዳጆቼ... አልመጣም ብላችሁ ስሙን የሰረዛችሁት ሰው መምጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል። ከመዝጋታችሁ በፊት አንዴ አንኳኩ!

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ... በኃላፊዋ ቦታ ብትሆኑ፣ ተራው የ«ቀይ እስክሪብቶ» መሆኑን እያወቃችሁ የሆስፒታሉን ደረጃ ትወጡ ነበር? ወይስ ትዘሉት ነበር?