ሣር ብቻ የሚታይበት ቪዲዮ

ሳሮን የቤተሰቡን ቪዲዮዎች አንድ በአንድ እየከፈተች ስም ትሰጣቸው ነበር፤ «ልደት»፣ «ምርቃት»፣ «ሮውሌት ከተማ፣ ሐይቁ ዳር»። እናቷ ሰብለወርቅ አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች። ሟቹ አባቷ በየነ ሁሉንም የቀረጸው ራሱ ነበርና በአንዱም ውስጥ መልኩ የለም።

«ይሄ ደግሞ ሣር ብቻ ነው፣ ማሚ። ካሜራውን ማጥፋት ረስቶ ነው። ዲሊት ላድርገው?»

ሰብለወርቅ የልጇን እጅ ያዝ አደረገች። ሣሩ ከቀራጩ እርምጃ ጋር ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ትንፋሹም ይሰማል። ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ሰብልዬ፣ መሸ እኮ። ነይ እንሂድ።»

«መጣሁ» አለች ሰብለወርቅ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

ሳሮን ቀና ብላ አላየቻትም። የስሙ ቦታ ላይ «አባዬ» ብላ ጻፈችና፣ እናቷ ሳትጠይቃት ከመጀመሪያው ደግማ ከፈተችው።