የትርሲት ጥርስ

እማማ ዘርፌ የልጅ ልጃቸውን የትርሲትን የወለቀ የወተት ጥርስ ለቆጠራ ሠራተኛዋ በመዳፋቸው ዘረጉላት።

«እስኪ እይው ልጄ፣ ይሄ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጥርስ ነው?»

«እማማ፣ ዕድሜ ከሰው መጠየቅ ቀርቷል። የምንወስደው ከመዝገቡ ብቻ ነው።»

«መዝገቡን የሞላው ሰው አይደለም እንዴ? በእኛ አቆጣጠር የነገርኩትን የትውልድ ዓመት እንደ ፈረንጅ አድርጎ ጽፎ፣ ሰባት ዓመት ጫነባት።»

«ስምንተኛ ክፍል ተመድባለች። ሰኞ ትጀምር።»

«ፊደል ሳትቆጥር?»

ሠራተኛዋ የስምንተኛ ክፍል ዩኒፎርም አስረክባ ወጣች። ዘርፌ እየተነጫነጩ ለትርሲት አለበሷትና እጅጌውን አራት ጊዜ አጠፉት፤ ጣቶቿ አሁንም አልታዩም።

«እቴቴ፣ አሥራ አራት ዓመት ከሞላኝም ጥርሴን እንደ ትናንሽ ልጆች ጣሪያ ላይ መወርወር እችላለሁ?»

ዘርፌ ጥርሷን እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«ወርውሪ እናቴ፤ እሱንም ሳይመዘግቡት ቶሎ ወርውሪ።»