ባል ገፊዋ

ታይቱ ባል አይበረክትላትም። ዘመነን በክረምት የርብ ወንዝ ወሰደው። ሰጠኝ ከወረታ ገበያ ሲመለስ ሩዝ ማሳው ዳር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ፤ በቅሎ ጣለችው ተባለ። የኔነህ ወገቡን ቢያመው ወንዛዬ ፍል ውኃ ሊታጠብ ሄደ፤ ሬሳው መጣ።

እንዲህ ያለችዋን ሴት አገሩ «ገፊ» ይላታል፤ ያገባት ሁሉ ይሞታል። ዕድል ነው ተብሎ ይለቀሳል፣ ይቀበራል። የሰጠኝ እናት ብቻ ዕድል የሚሉትን ነገር አልተቀበሉም። «እጇን እዩት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ታይቱ ቤት እህል ውኃ የሚቀምስ ጠፋ።

ያልሸሻት ጎረቤቷ ይሄይስ ነው። ሴት በሬ አትጠምድምና፣ ባል በሞተባት ቁጥር መሬቷን በእኩል እያረሰ ምርቱን የሚያካፍላት እሱ ነበር። ዘመነን ከወንዝ አውጥቷል፤ የኔነህንም ደግፎ ወንዛዬ አድርሷል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከባት።

እህቱ አመሉ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። «ወንድሜ፣ አፈር ስሆን ይቅርብህ። ደግሞ አንተን ልቅበር?» ይሄይስ ሳቀ። ታይቱም እምቢ ብላ ነበር፤ ስለወደደችው ነው እምቢ ያለችው። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው እሺ አሰኟት።

ከሠርጉ በኋላ ፍርሃት ቤቱን ወረሰው። አመሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣች የወንድሟን ፊት ታያለች፤ ቁጭ በይ ስትባል አትቀመጥም። አንድ ቀን ታይቱ ሙሉ ማሰሮ ጠላ ጓሮ ስትደፋ አየቻትና ያየችውን ለሰፈሩ አዳረሰች። ወሬ ደግሞ እግር አያጣም።

ታይቱ የገዛ እጇን መፍራት ጀምራለች። ምግቡን ሳትቀምስ አታቀርብለትም። ወንዝ አትሻገር፣ በቅሎ አትቀመጥ ትለዋለች። ወረታ ወርዶ ከቆየ መንገድ ዳር ወጥታ ትቆማለች፤ ባጃጅ ደጃፏ ከቆመ ሬሳውን ይዞ የመጣ ይመስላታል።

የሩዝ አረም ሰሞን ምሳውን ማሳ ድረስ ወሰደችለት። ይሄይስ በደንብ በላ። እሷ እያየችው እንባዋ መጣ።

«ሁሉም እንዲህ ደህና ሆነው ነው የሞቱብኝ» አለችው። «እንዴት አትፈራም?»

ይሄይስ እጁን ታጠበ፤ አጠገቡም አስቀመጣት።

«ምን ያስፈራኛል? ሌላ ሰው እስካላገባሽ ድረስ ማንም አይሞትም።»