ጭሳም መኪና ይሸለማል

ስለ አረንጓዴ ልማት በየስብሰባው የሚወራበት ዘመን ነበር። መንግሥት የጭነት መኪኖችን ጭስ ለመቀነስ ገንዘብ መደበ ተባለና ወሬው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሳይውል ሳያድር ደሴ ገባ። ደንቡ ቀላል ነው፤ በአካባቢው ካሉት ሁሉ ይበልጥ የምታጨሰው አሮጌ መኪና ተመርጣ ለብረት ማቅለጫ ትሄዳለች፤ ባለቤቱም በምትኳ አዲስ መኪና ያገኛል። አንድ ብቻ።

ሀምዱ ይህን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖረው ሀምዱ ከሐርቡ ማሽላ እየጫነ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚያራግፍ ሾፌር ነው። ዋና ደንበኛው፣ ነጋዴው ሱሌማን፣ «ማሽላዬ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ማን ይገዛኛል? ሌላ መኪና ካላመጣህ እኔና አንተ በቃን» ብሎታል። ሱሌማን ሄደ ማለት የሀምዱ እንጀራ ሄደ ማለት ነው።

ችግሩ፣ የእሱ መኪና ታጨሳለች እንጂ ያን ያህል አታጨስም። ኮምቦልቻ ውስጥ ከእሷ የባሱ ጉዶች ሞልተዋል። ስለዚህ ሀምዱ ናፍጣው ላይ የተቃጠለ ዘይት ደባለቀ፤ አየር ማጣሪያው ውስጥ ደግሞ የሚስቱን የረሂማን አሮጌ ሻሽ ወተፈበት።

«ሰው መኪናውን ያሳክማል፣ አንተ ታሳምማለህ» አለችው ረሂማ።

«አብሽሪ፣ ታማ ነው የምታድነን።»

በማግስቱ ሐረጎን ሲወጣ ዳገቱ ሁሉ ጠቆረ። ከኋላው የነበሩት ሚኒባሶች በጠራራ ፀሐይ መብራት አበሩ። መንገድ ዳር በለስ የምትሸጥ ሴት የረገመችው እርግማን ዛሬም እዚያ ኩርባ ላይ ሳይንጠለጠል አይቀርም።

እንግዳው ብቅ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። ሾፌሮቹ መሀል «ጭሳሟን መኪና የሚለዩት መራጮች አስቀድመው ሰላይ ልከዋል፤ መንገደኛ መስሎ እየተሳፈረ ያያል» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ሀምዱ ሐርቡ ላይ ማሽላውን ጭኖ ሊነሣ ሲል፣ ኮት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ባዶ ጋቢና ይዘው የሚያልፉትን መኪኖች ሁሉ ትቶ ወደ እሱ መጣ። አፍንጫውን በመሀረብ ሸፍኖ ጭሱን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየና «ማሻአላህ» አለ።

ጭስ አይቶ ማሻአላህ የሚል ማን ነው? መንግሥት የላከው ካልሆነ በቀር ጤነኛ ሰው አይለውም። ሀምዱ ወዲያውኑ ነቃ።

መጠየቅ ግን አይሆንም። አባቱ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «እንግዳን ማነህ፣ ምን ፈለግህ አትበሉት፤ ነውር ነው» እያሉ ነው ያሳደጉት። እንግዳውም የወሎ ልጅ ነውና ሳይጠየቅ ማንነቱን አይናገርም። ሁለቱም ጨዋ ሆነው ዳገቱን ተያያዙት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታጨሰው?» አለ እንግዳው።

«ዛሬማ ሰው አይታ አፍራ ነው እንጂ።»

«የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል።»

ሀምዱ መስኮቱን ከፈተ። «ትንሽ ጠብ አድርጌላታለሁ። ለጉሮሮዋ ነው።»

«ስንት ለስንት?» አለ እንግዳው ረጋ ብሎ።

ሀምዱ ተናገረ። የመንግሥትን ሰው ከመዋሸት እውነቱን ማውጣት ይሻላል ብሎ ነው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። በየኩርባው ቀኝ እግሩ ጠንክሮ ወለሉን ይጫናል። የቢሮ ሰው ምን ያድርግ፣ ገደል አይወድም አለ ሀምዱ በሆዱ።

ደሴ ሲደርሱ ሀምዱ «እኔ ቤት ካላረፉ ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ረሂማ ገንፎውን በቅቤ አጥለቀለቀችው፤ ለእንቁላሏ ስትል የምትሳሳላት ዶሮዋም ታረደች። «መኪናውን እስክናገኝ ነው» ይላታል ሀምዱ በሹክሹክታ። እንግዳው በላ፣ ጠገበ፣ ሰነበተ።

አንድ ጧት የሞተሩን ክዳን ልክፈት አለ። ከፈተው። ሻሹን አገኘው። ሀምዱ አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ እንግዳው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሻሹን አጣጥፎ ወደ ውስጥ ይበልጥ እየወተፈው ነው።

«እንዲህ ይሻላል» አለ። መኪናዋ ስትነሣ የጎረቤት ስጥ ሁሉ ጥላሸት ለበሰ።

ሀምዱ በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ገንፎው ሠርቷል፤ መራጩ የእኛ ሆኗል አለ። እንግዳው ሲሰናበት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፦ «አላህ አዲሷን መኪና ለሚገባት ቤት ያግባት።» ሀምዱ አሚን ያለው ጉሮሮው እስኪደርቅ ነው።

የምርጫው ዕለት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ መራጮቹ ከጃንጥላ ሥር ተቀመጡ። እንግዳው ከመካከላቸው የለም። አዋቂ ነው፣ ለእኔ አደላ ተብሎ እንዳይታማ ቀረ አለ ሀምዱ፣ አከበረውም።

የሀምዱ መኪና በፊታቸው ስታልፍ አንዱ መራጭ ሲስል አንዱ አለቀሰ። ሰብሳቢው «እስካሁን ይህን የሚያህል አላየንም» አለ። በዚያው መኪናዋ ሜዳው ዳር ላይ አንዴ ተንፈቅፍቃ ሞተሯ ፀጥ አለ። ሀምዱ ደግሞ ላስነሣት እንኳ አላለም። ከእንግዲህ ምን ልትሠራለት? ረሂማ እልልታዋን ጀመረች።

«ቆይ፣ ከሐርቡ አንዲት ቀርታለች» አለ ሰብሳቢው።

መጀመሪያ ጭሱ መጣ። መኪናዋ የመጣችው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ጃንጥላው ጠፋ፣ ሜዳው ጠፋ፣ ረሂማም እልልታዋን አቋርጣ ሳል ያዘች። መራጮቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ከጨለማው ውስጥ የሰብሳቢው ድምፅ «አሸናፊው ይውረድልን» አለ።

የመኪናዋ በር ተከፈተና፣ የረሂማ ገንፎ ጉንጩን ያወፈረው ያ እንግዳ ከመሪው ኋላ ወረደ።