ጭስ አዳማጩ ሳጥን

ነጂብ ውሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። በዚያ ማክሰኞ ግን ዋሸ፤ ያውም በወፍጮ!

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ኤርምያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ደወለለት።

«ጋሼ ነጂብ፣ ከወፍጮዎ ሞተር የሚወጣውን ጋዝ ልንለካ ማክሰኞ እንመጣለን።»

«ማን ላካችሁ?»

«የጠየቀን ሰው አለ፤ ስም እንዳንጠራ አደራ ተብለናል።»

የፈሩት ይደርሳል! ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ያለችው ይህች የናፍጣ ወፍጮ ከታሸገች ነጂብ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። የከሰሰውንም ወዲያው አወቀ፤ አጥር የሚጋሩት የቅኔ መምህሩ የኔታ ገብረየሱስ ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል? ክረምት ከበጋ ያስላቸዋል። ነጂብ ሳላቸውን በሰማ ቁጥር «ከኔ ጭስ ይሆን?» እያለ ይሳቀቅ ነበር። አሁን ግን ተቆጣ።

ያውም በዚህ ዓመት! ልጁ ፈሪዳ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ ወጉ እናት አባቷ ቤት መታረስ ነበረባት። ከወፍጮው ጀርባ ያለው ጓዳ ተለቅልቆ፣ አልጋው ተነጥፎ ቀረ። «አማቴ እሺ አላለችኝም» ብላ እዚያው ሐሙሲት ባሏ ቤት ታረሰች። ነጂብ አንዴ ሄዶ የልጅ ልጁን አቅፏታል። ስትተነፍስ ደረቷ ሲር ሲር ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት ለሚስቱ ለዘምዘም እንኳ ሳይነግር የወፍጮውን ድንጋይ አላላ፤ በእህል ፈንታም የተፈጨ ዱቄት ጨመረበት። ሥራ የቀለለለት ሞተር ብዙ አይጨስም።

ኤርምያስ ሳጥኑን አስቀምጦ ቱቦ ዘረጋ።

«ጋዙ ላይ ብርሃን እንልክበታለን። ብርሃኑን ሲውጥ ድምፅ ያወጣል፤ እኛ ባንሰማውም የሳጥኑ ማይክ ይሰማዋል።»

«ጭስ ይናገራል በለኛ!»

«ይናገራል፤ ደግሞም አይዋሽም።»

የነጂብ ጆሮ ቀላ።

ከጭስ ማውጫው ከለካ በኋላ ኤርምያስ ቱቦውን ጓዳ አስገብቶ አልጋው ራስጌ አኖረው። እዚያ ምን እንደሚፈልግ ነጂብ አልጠየቀም፤ ልቡ ዱቄቱ ዘንድ ነበር።

«ንጹሕ ነው» አለ ኤርምያስ በመጨረሻ።

ማታ ፈሪዳ ደወለች። «አባዬ፣ እንዴት ሆነ?»

«ንጹሕ ነው አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ አለቀሰች። ለወፍጮው ያለቀሰች መሰለው።

በማግስቱ ድንጋዩን እንደ ቀድሞው አጥብቆ፣ ወፍጮውን ለዘምዘም ትቶ ይፋግ ለቅሶ ለመድረስ ወጣ። የኔታ በር ላይ አገኙት።

«ነጂብ፣ እንኳን ደስ ያለህ! እንዳይዘጉብህ ስለት ገብቼ ነበር። ይህ ሳሌ እንደሆነ ከልጅነቴ ጋር ያደገ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሳቸውን በልቡ ሲያማ ሰንብቶ፣ እሳቸው ለእሱ ስለት ይግቡ!

ይፋግ ሁለት ሌሊት አደረ፤ እንቅልፍ ግን አላየም። ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ዛሬውኑ ለኤርምያስ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ ከታሸገም ይታሸግ» ብሎ ቆረጠ።

ሰፈሩ ሲደርስ ወፍጮው በሙሉ ጉልበቱ ያጓራል፤ ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞልቶታል። ፈሪዳ ከጓዳው ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ከትናንት ወዲያ ነው የመጣነው፤ ጭሱ ቢያስፈራኝም ማሽኑ ንጹሕ ነው ካለ ብዬ ልጅቷን ጓዳ አስተኝቻታለሁ፣ ዛሬስ እንቅልፏ ጸንቷል። ማሽኑን ያስመጣሁት እኮ እኔ ነኝ አባዬ፤ ሐኪሙ ጭስ ካገኛት አትተርፍም ቢለኝ ጊዜ።»