ማን ልበል?

ቀመሪያ ቁልፉን ስትጫነው የመላው ሰፈር የይለፍ ቃል ባንዴ ተሰረዘ።

«አለቀ?» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት ጋሽ መኩሪያ።

«አለቀ። ከእንግዲህ በድሮው ፓስዎርድ የሚገባ የለም። ሁሉም ረዘም ያለ አዲስ ያወጣል፤ ሲገባም ስልኩ ላይ ቁጥር ይላክለታል። እሱን ካልሞላ አይከፈትለትም።»

«እኔም ብሆን?»

«እርስዎም ቢሆኑ ጋሼ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። «የድልድዩ ሰፈር» የተባለውን ድረ ገጽ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ነፋስ ስልክ የነበረው ሰፈራቸው ለመንገድ ፈርሶ እሳቸው ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላው ጎረቤት ጀሞና ገላን ሲበተን፣ ፎቶውን፣ ለቅሶውንና ሠርጉን አንድ ቦታ ላቆየው ብለው። መግቢያው ልቅ ነበር፤ ስሙንና ስልኩን የጻፈ ሁሉ ይመዘገባል። «በእኛ ሰፈር መች በር ተቆልፎ ያውቃል?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እዚያው ያደገችው ቀመሪያም ታስታውሳለች፤ የግቢዎቹ ቆርቆሮ በር ሁሉ በቀዳዳው ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ሲባጎ ነበረው። እሱን ሳብ አድርጎ፣ «ቤቶች!» እያሉ ዘው ማለት ነው።

ባለፈው ወር ግን አንድ የማይታወቅ ሰው በሟቹ ዳቦ ጋጋሪ፣ በኢድሪስ ስም ገባ። የኢድሪስ የይለፍ ቃል ከአንድ እስከ ስድስት ያለው ቁጥር ነበር። ሰውየው የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ ኖሮ ጎረቤቱን በየስሙ፣ በየልጁ ስም እየጠራ ጨዋታ ያዘ። የኢድሪስ ሚስት እትዬ ዘምዘም ስልካቸውን ሲከፍቱ ከባላቸው «እንዴት አደርሽ?» የሚል መልእክት ጠበቃቸው። ልጆቻቸው ደግፈው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ጋሽ መኩሪያ በማግስቱ ለቀመሪያ ደወሉላት፤ እንጀራዋ ድረ ገጽ ከሌባ መጠበቅ ነውና። «ዳግም እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እዘጋዋለሁ» ነበር ያሏት።

«አዲስ ሰው ልመዝገብ ቢልስ?» አሉ አሁን።

«ሁለት ነባር ሰዎች ‹እናውቀዋለን› ብለው ካልመሰከሩለት አይሆንም።»

ተናግራ ሳትጨርስ የመጀመሪያው ማመልከቻ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ብሩኬ ይላል፤ ስልክ ቁጥርም አለው። ከሥሩ፦ «እናቴ አስካለ ትባል ነበር። ፎቶዋ እናንተ ጋ አለ ብለውኝ ነው። እኔ አንድም የለኝም።»

የጋሽ መኩሪያ ፊት ተለዋወጠ። «አስካለ፣ ቆሎ ሻጯ! ልጇም ብሩኬ ነበር። ግን ይሄንንም እዚሁ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማንም አንብቦት ይሆናል» አሉና ወደ ቁጥሩ ደውለው ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አደረጉት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ የጎልማሳ ድምፅ።

«ከድልድዩ ሰፈር ነው። አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅህ ልጄ። የግቢያችሁ በር ቀለሙ ምን ነበር?»

«አረንጓዴ መሰለኝ።»

ሰማያዊ ነበር። ቀመሪያና ጋሽ መኩሪያ ተያዩ።

«ዳቦ ቤቱስ በየት በኩል ነው?»

«ከድልድዩ ማዶ... አይደለም እንዴ?»

አይደለም። «የጎረቤታችሁስ ስም?»

«ጠፋኝ አባቴ። ከዚያ ስወጣ ገና ልጅ ነበርኩ።»

ጋሽ መኩሪያ ስልኩን ከአፋቸው አራቁት። «ያኛው ሌባ አንዲት ነገር አልሳተም ነበር» አሉ በሹክሹክታ። መልሰው ደግሞ፣ «ይቅርታህን ልጄ፤ እንዲህ በደፈናው ልናስገባህ አንችልም። ከዚህ በፊት ሰው ተጎድቶብናል» አሉት።

«ይገባኛል።» ድምፁ ወረደ። «ዲላ ተቀምጬ ማን ይመሰክርልኛል? ግን እባክዎ አንድ ሰው ይጠይቁልኝ። እዚያ ሰፈር ራዲዮ የሚጠግኑ ሰውዬ ነበሩ። እናቴ የሞተች ጊዜ አጎቴ ሊወስደኝ ሲመጣ አልሄድም ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አዝለው አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ስማቸውን አላውቀውም። እኛ ልጆቹ ‹ጋሽ ቀስ በቀስ› ነበር የምንላቸው።»

ቀመሪያ አፏን በእጇ ከደነች።

ይህንን ስም ከሰማችው ስንት ዘመኗ! ድረ ገጹ ላይ ያ ሁሉ ትዝታ ሲወሳ አንድም ሰው ጽፎት አያውቅም። ማን ይደፍራል? እሳቸው ያነባሉ።

«ማነው ደግሞ ጋሽ ቀስ በቀስ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ ግንባራቸውን ቋጥረው። «በሰፈሩ ራዲዮ የሚጠግን እንደሁ ከእኔ በቀር አልነበረም።»

ሳቋ አመለጣት። «እርስዎ ነዎታ ጋሼ!»

«እኔ?»

«በሱቅዎ ደጅ በሮጥን ቁጥር ‹ቀስ! ቀስ በቀስ!› ይሉን አልነበር? መላው የሰፈር ልጅ እንደዚያ ነበር የሚጠራዎት።»

ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ ስልኩን ያያሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «አንተ!» አሉ። «ጀርባዬን በእንባ ያበሰበስከው ልጅ! አደግህ?»

«አደግሁ ጋሼ» አለ ብሩኬ።

ጋሽ መኩሪያ «አውቀዋለሁ» የሚለውን ራሳቸው ተጫኑ። ሁለተኛዋ ምስክር ቀመሪያ ሆነች፤ ያንን ስም የሚያውቅ የሰፈሯ ልጅ ነው። የተላከለትን ቁጥር እንዲሞላ፣ የይለፍ ቃሉንም ለማንም፣ ለእነሱም ቢሆን እንዳይነግር አስረዳችው። ጥቂት ቆይቶ የብሩኬ ስም ከነባሮቹ ስም መሀል ገባ።

«አገኘሃት?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«አገኘኋት።»

የሠርግ ፎቶ ነው። አስካለ ከድንኳኑ ጥግ ሳህን ደራርባ ታልፋለች፤ ካሜራውን አላየችውም።

«ጋሼ... ይቺ ከጀርባዋ የወጣችው እግር የእኔ ናት?»

ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ካዘለችበት ነጠላ ሥር አንዲት ትንሽ እግር ወጥታለች፤ ጫማ የላትም፣ አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተዋል።